የማስተሪንግ ቅደም ተከተልና የመሰንቆው ወርቅ

የዚህ ዓምድ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ሕግ ነው። ዛሬ ግን ወደ ስቱዲዮ ጎራ ልንል ነው። ምክንያቱ ደግሞ ራሱ ሕግ ነው። ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ወጣት ድምፃውያንና ዘማርያን ስለ ውል ሲጠይቁኝ ነገሩ ደጋግሞ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ለቀረጻ ከፍለናል፣ ለሚክሲንግ ከፍለናል፣ ደግሞ ማስተሪንግ የሚሉት ምንድን ነው? የሠራውስ ሰው በትክክል መሥራቱን በምን እናውቃለን? ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው የሚፈርምበትን ነገር ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። ሚክሲንግ ማለት ድምፃዊውን፣ መሰንቆውን፣ ከበሮውን፣ ኪቦርዱን ለየብቻ ይዞ አንዱን ከሌላው ጋር ማመጣጠን ነው። ማስተሪንግ ደግሞ ተመጣጥኖ ግራና ቀኝ ሆኖ ያለቀውን ዘፈን ተቀብሎ የመጨረሻ እርማት ማድረግ፣ አልበም ከሆነም ዘፈኖቹን እርስ በርስ ማስተካከልና ለሚሠራጩበት መንገድ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ደረጃ መሰንቆውን ነጥሎ ከፍ፣ ከበሮውን ነጥሎ ዝቅ ማድረግ የለም። (ያለቀን ዘፈን መልሰው የሚበታትኑ ሶፍትዌሮች ዛሬ መጥተዋል፤ ግን ከበሮው ከጮኸ ወደ ሚክሲንግ መመለስ ይቀላል፣ ይረክሳልም።) በማስተሪንግ የሚነካ ነገር ሁሉንም ይነካል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሰፊ ነው። ማስተሪንግ የሚሠራው ሰው ኢኳላይዘር፣ ኮምፕሬሰር፣ ዲ-ኤሰር፣ ሊሚተር የሚባሉ መሣሪያዎችን (ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ ፕለጊኖች ናቸው) በተራ ይደረድራል። ድምፁ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ሁለት ሰዎች እነዚያኑ አራት መሣሪያዎች በተለያየ ተራ ቢደረድሯቸው ሁለት የተለያየ ዘፈን ይወጣቸዋል። ለሕግ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚታየው ወደ ፍሬ ነገሩ ከመገባቱ በፊት ነው። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንዳለው ሳይጣራ አሥር ምስክር ቢሰማ፣ የምስክሮቹ ቃል ምንም ቢያምር ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥም እንደዚሁ ነው። የቆሸሸው ሳይጠራ ከፍ ከተደረገ ቆሻሻውም አብሮ ከፍ ይላል።

ለመሆኑ ይህ ለደቡብ ጎንደር ደጋ ሰው ምን ያህል ቁም ነገር አለው? እኔ ብዙ አለው ባይ ነኝ። አንድ መሰንቆና አንድ ድምፅ ባለበት ዘፈን ውስጥ ሸክሙን የሚሸከመው ቃሉ ነው። አዝማሪው ግጥም ተቀብሎ ሲያዜም አድማጭ ጆሮውን የሚጥለው ወርቁን ለመያዝ ነው። ወርቁ ደግሞ ስንት ጊዜ የሚደበቀው በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ነው! «ይመታል» ስንል ሲላላ የሚመታው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ዱላው ያረፈበት ሰው ነው። ለእኔ ቢጤ የከሳሽና የተከሳሽ ያህል ይራራቃሉ። በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ጆሮ ብቻ ነው።

ታዲያ «ታ» ስትጠብቅ አፋችን ውስጥ ምን ይሆናል? ምላስ ላንቃን ገጥማ ትቆያለች፣ ድምፅ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። መጥበቅ የምንለው በዋናነት ያች ከሰከንድ ሩብ ያነሰች የዝምታ ቅንጣት መርዘሟን ነው። አሁን መሣሪያው ድምፁን ጨፍልቆ መላውን ከፍ ሲያደርገው፣ ያችን ዝምታ የክፍሉ ማስተጋባት፣ የመሰንቆው ጭራ ፍትጊያና የተጨመረው ሪቨርብ ይሞላታል። ፍንዳታዋም ከሌላው ድምፅ ጋር እኩል ትደፈጠጣለች። የጠበቀውና የላላው መለያየታቸው ይደበዝዛል፤ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይጠፋል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» የሚባሉት ፈንጂ ፊደሎቻችንም ዕጣቸው ያው ነው። ሶፍትዌሮቹ ይዘዋቸው የሚመጡት የተዘጋጁ ቅንብሮች በአብዛኛው ለውጭው ፖፕና ራፕ የታሰቡ ናቸው። «ጠ» የሚባል ፊደል እንዳለን የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ወደ ተራው እንሂድ። ከሁሉ በፊት የሚመጣው መሣሪያ ጆሮ ነው። ዘፈኑን ምንም ሳይነኩ ከዳር እስከ ዳር መስማት፣ ጉድለቱን በወረቀት መጻፍ። ከሚክሲንግ የሚመጣውም ፋይል ኤምፒ3 ሳይሆን ባለ 24 ቢት ዌቭ ቢሆን፣ ጫፉም ዜሮ ነክቶ ያልተቆረጠ፣ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ክፍተት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ሚክሲንግ የሠራው ሰው ለማስጮህ ብሎ መጨረሻ ላይ ሊሚተር አድርጎበት ከሆነ «እሱን አውልቀህ ላክልኝ» ማለት ነውር የለበትም። የተጨፈለቀ ነገር ተመልሶ አይነፋም።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። በደጋው ከተሞች የሚቀረጸው ብዙ ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ነው፤ ክረምት ከሆነ ዝናቡ አለ፣ መብራት ከሄደ ጄኔሬተሩ አለ። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ከገመድና ከማጉያ የሚመጣው እምምታ በ50፣ በ100፣ በ150 ሄርዝ ላይ ይቀመጣል። እሱን በቀጭኑ ቆርጦ ማውጣት የሚገባው ኮምፕሬሰር ሳይነካው ነው። ለምን ቢባል ኮምፕሬሰር ትልቁን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን ስለሚያጠብ፣ ከዚያ ሁሉም ከፍ ሲደረግ ተደብቆ የነበረው እምምታ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ልታጠፋው ብትሞክር ከዘፈኑ ጋር ተጣብቋል።

ሦስተኛ፣ እርማት የሚያደርገው ኢኳላይዘር። ኢኳላይዘር ሁለት ሥራ አለው፤ ማረምና ማስዋብ። ሁለቱን ማደባለቅ የጀማሪ ጠባይ ነው። እዚህ የሚፈለገው ማረሙ ብቻ ነው። ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን ጆሮ የማይሰማውን ግን ጉልበት የሚበላውን ጉርምርምታ መቁረጥ፣ የቆርቆሮው ክፍል አጉል የሚያስጮኸውን አንድ ሁለት ቦታ በአንድ ወይም በሁለት ዴሲቤል መቀነስ። ይህም ከኮምፕሬሰር በፊት ይሁን፤ አለበለዚያ ኮምፕሬሰሩ የሚነዳው በዘፈኑ ሳይሆን በጉርምርምታው ይሆናል።

አራተኛው ኮምፕሬሰር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደብረ ታቦር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የምትታወቀው በአቋቋም ነው። የጎንደሩ «ታች ቤት» ሲባል የደብረ ታቦሩ «ላይ ቤት» ይባላል። ወደ ጋይንት ወጣ ብንል የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም አለች፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ። አገሩ በሙሉ የድምፅ አገር ነው። አሁን አንድ ማኅበር የላይ ቤትን አቋቋም ቀርጾ ማስተሪንግ ቢያሠራ ምን ይገጥመዋል? አቋቋም ከቁም ዜማ ተነሥቶ በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋት እያለ የሚያድግ ነገር ነው። መጀመሪያ ድምፅና መቋሚያ ብቻ፤ በኋላ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው ይፋጠናሉ። ዕድገቱ ራሱ የዜማው አካል ነው። ባለሙያው ኮምፕሬሰሩን አጥብቆ ከያዘው ዝማሜው ወደ ላይ ይሳባል፣ ጽፋቱ ወደ ታች ይጎተታል፤ ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ የሚሰማው ያ መነሣት ይጠፋና ሁሉም መሀል ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

ሌላም ጣጣ አለ። ከበሮው በተመታ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ኮምፕሬሰሩን ይቀሰቅሰዋል፤ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ከበሮውን ብቻ ሳይሆን አብሮት ያለውን ዜማ ሁሉ ይጫነዋል። ከበሮ በመታ ቁጥር የመሪጌታው ድምፅ የሚያጎነብስ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኞቹ ኮምፕሬሰሮች የሚያዳምጡበትን መስመር ለብቻው ማጣራት ይፈቅዳሉ፤ ከ100 ወይም ከ150 ሄርዝ በታች ያለውን እንዳይሰማ ይደረጋል። ከበሮው በቦታው ይመታል፣ ኮምፕሬሰሩ ግን በእሱ አይደነግጥም።

ልኩን በተመለከተ ለመሰንቆና ለዜማ የምመክረው ስስ እጅ ነው። ሁለት ለአንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ምጣኔ፣ ቢበዛ የአንድ ወይም የሁለት ዴሲቤል ቅነሳ፣ መነሻውም ዘግየት ያለ፣ 30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። መዘግየቱ የደጋኑን የመጀመሪያ ንክኪና የ«ጠ»ን ፍንዳታ ሳይነካ ያሳልፋል። አንድ ኮምፕሬሰር አምስት ዴሲቤል ከሚጨፈልቅ ሁለቱ አንዳንድ ዴሲቤል ቢካፈሉ ይሻላል። ምንም የማይጨመርበትም ዘፈን አለ። ኮምፕሬሰር የግድ አይደለም፤ ዘፈኑ ካልጠየቀው ይቅርበት።

ከዚህ በኋላ ማስዋቢያው ኢኳላይዘር ይመጣል። ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ አየር። ከኮምፕሬሰር በኋላ የሚሆነው የጨመርከው ነገር መልሶ እንዳይጫንብህ ነው። መሰንቆ ላይ ግን ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ያለውን ቦታ በጥንቃቄ። የፍትጊያው ሸካራነት አብዛኛው እዚያ ነው፣ የቃሉም ጥራት እዚያው ነው። ሸካራነቱን ጠልተህ ብትቀንስ ቃሉ ይታፈናል፤ ቃሉን ወደህ ብትጨምር መሰንቆው ጆሮ ይበሳል። ይህን በአስማት የሚፈታ ፕለጊን የለም፤ ወደ ሚክሲንግ ተመልሶ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» የሚያፏጩ ከሆነ ዲ-ኤሰር እዚህ ይገባል፤ ከማስዋቢያው ኋላ የሚሆነው የተጨመረው አየር ፉጨቱን ስለሚያባብሰው ነው። የግራና ቀኙን ስፋት የሚለጥጥ መሣሪያ የሚወዱም አሉ። እኔ አልወደውም። ባጃጅ ውስጥ ባለ አንድ ስፒከር፣ ገበያ ላይ በተንጠለጠለ ሞባይል የሚሰማ ዘፈን ግራና ቀኙ ሲጨመር እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ መሰንቆው እንዳይሰወር፣ ዘፈኑን በአንድ መስመር አድርጎ መፈተሽ ግዴታ ነው።

የመጨረሻው ሊሚተር ነው። ከተወሰነ ከፍታ በላይ አንዲት ነገር እንዳታልፍ የሚያግድ በረኛ ነው፤ በረኛ ደግሞ በር ላይ ነው የሚቆመው። ከሊሚተር ኋላ ኢኳላይዘር ያስገባ ሰው በረኛውን ሳሎን አስቀምጦ በሩን ክፍት ትቶታል። ጣሪያውም ከዜሮ 1 ዴሲቤል ዝቅ ቢል ጥሩ ነው፤ ዘፈኑ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ከነበሩበት ከፍ ሊሉና ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ከ24 ቢት ወደ ሲዲው 16 ቢት የሚወርድ ከሆነ ዲተር የሚባለው እጅግ ቀጭን ጫጫታ ከሁሉም መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨመራል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

አሁን ስለ ጩኸት። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጆሮን ስሜት የሚከተል የድምፅ ከፍታ መለኪያ አወጣ፤ ባለሙያዎቹ «ላፍስ» የሚሉት መለኪያ ከዚያ የመጣ ነው። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ዘፈን ሲለቁ ከነጌቲቭ 14 ላፍስ ገደማ በላይ የጮኸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ዘፈኑን ነጌቲቭ 6 እስኪደርስ የጨፈለቀ ሰው በዩቲዩብ ከማንም በላይ አይጮኽም፤ ዝቅ ተደርጎ፣ ከነጭፍልቁ፣ ካልተጨፈለቀው ጎን ለጎን ይሰማል። የሚተርፈው ጉዳቱ ብቻ ነው።

ሆኖም ስቱዲዮዎቹን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ዘፈን በደጋው የሚዘዋወረው በኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣ ከሞባይል ሞባይል ነው። ፍላሽ ላይ ማንም ዝቅ የሚያደርግ የለም። ከወረታ ደብረ ታቦር በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከሞተሩ ጋር የሚታገለው ዘፈን ዝግ ካለ ሾፌሩ ያልፈዋል። ዘፋኙ ይህን ያውቃል፤ «አስጩኽልኝ» የሚለውም ለዚህ ነው። የእኔ ሐሳብ ሁለት ማስተር ይሠራ የሚል ነው፤ አንዱ ለፍላሽ ጠንከር ያለ፣ አንዱ ለኢንተርኔትና ለማኅደር ለቀቅ ያለ። ከሊሚተሩ በፊት ያለው ሥራ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ድካሙ የአንድ ሰዓት ቢሆን ነው።

አድማጭ ደንበኛም ራሱን ከመታለል ይጠብቅ። የሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋል። ባለሙያው በፊትና በኋላ ብሎ ሲያሰማችሁ ሁለቱን በጆሮ እኩል ከፍታ ላይ አድርጎ ያሰማችሁ። እኩል ሲሆኑ ማስተር የተደረገው ካልበለጠ የተከፈለው ለጩኸት ነው። የከፍታ መለኪያው ነፃ ነው፤ ዩሊን የሚባለው በነፃ ይገኛል። ኦዳሲቲም ነፃ ነው፣ ቲዲአር ኖቫ የሚባለው ኢኳላይዘርም እንዲሁ። የቅጂ መብታችን ይከበርልን ብሎ ሰልፍ እየወጡ በክራክ ሶፍትዌር ማስተር ማድረግ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለ ሕጉ ከማንሣቴ በፊት አንድ የባሕር ዳር ታሪክ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ኪቦርድ የተጫወተበት ካሴት አገር ቤት ገብቶ ነበር። እሱ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ካሴቱ እየተረሳ ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ወዳጅ አንዱን ቅጂ ያገኘው ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባሕር ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው ዳግም ታትሞ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የቀሩት የሰርግና የአዝማሪ ካሴቶች ዳግም ይሠሩ ቢባል ተራው ከፋይሉም በፊት ይጀምራል። የማጫወቻው ጭንቅላት ይጸዳል፣ ከካሴቱ ጋር ቀጥ እስኪል በብሎኑ ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ ቀጭኑ ድምፅ ገና ኮምፒዩተር ሳይገባ ይቀራል፣ የትኛውም ኢኳላይዘር አይመልሰውም። ቀጥሎ ፍጥነቱ ይታረማል፤ ባትሪ በደከመ ቴፕ የተቀዳ መሰንቆ ቅኝቱ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። የካሴቱን ሽታ መሰል ሹክሹክታ ግን ሙልጭ አድርጋችሁ አታጥፉ። ከሹክሹክታው ጋር የደጋኑ ትንፋሽ ይሄዳል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ክብሩንና ዝናውን በሚነካ መንገድ ሥራው ሲዛባ የመቃወም የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ወርቁ የጠፋበት ግጥም «ተዛብቷል» ይባል ይሆን? እኔ ጠበቃው ብሆን እከራከርበት ነበር፤ ግን ለማስረዳት አንድ ነገር ያስፈልገኛል፤ ሳይነካ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ጥሬ ቅጂ። እሱ ከሌለ ክርክሩ ያለ ማስረጃ ነው። ሃርድ ዲስኩ በማን እጅ ይቆይ የሚለውን ደግሞ ውላችሁ ነው የሚመልሰው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው።

ስለዚህ ከስቱዲዮ ጋር በምትፈርሙት ወረቀት ላይ እነዚህ ይግቡ፦ ሊሚተር ያልነካው ባለ 24 ቢት የሚክሲንግ ፋይል ለድምፃዊው እንደሚሰጥ፤ ማስተሩ ሁለት ዓይነት ሆኖ እንደሚቀርብ፤ ከክፍያው የመጨረሻው ሦስተኛ እጅ የሚከፈለው ዘፈኑ በሞባይል፣ በመኪናና በጆሮ ማዳመጫ ተሰምቶ ከጸደቀ በኋላ እንደሆነ፤ ነፃ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ (ሁለት ጊዜ ተገቢ ይመስለኛል)። ፋይሉን ስትረከቡ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ገልብጡት፤ አንዱን ከስቱዲዮው ከተማ ውጭ፣ ቤተ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡት። የዘፈኑን ስም፣ የተቀረጸበትን ቀንና «ጥሬ» ወይም «ማስተር» መሆኑን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉበት።